ጧሪ ቀባሪ ያጡ፦ ሀኪሞች የተማሩበት ሬሳ ከየት ይመጣ ነበር?

የአክስቴ ልጅ ሜዲሲን ገብታ መጀመሪያ አናቶሚ ላብ የገባች ቀን ማታ ደወለችልኝ። ሬሳ እንዳይበላሽ ስለሚጠቀሙበት ኬሚካል፣ ስለ ፎርማሊኑ ሽታ ታወራኛለች ብዬ ነበር፣ አይን ያቃጥላል፣ ከልብስ አይለቅም፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚያነሱት እሱን ነው። እሷ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፣ «ሰውየው ግን ማን ነበር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዛ ወዲህ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም፣ ብዙ አነበብኩበት፣ የሚያሳዝንም የሚያስቆጣም ታሪክ ነው ያገኘሁት፣ በተቻለኝ መጠን ቀለል አድርጌ ልንገራችሁ። አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሬሳው ለምን እንዳስፈለገ። አውሮፓ ውስጥ ከ1300 አመት በላይ ሀኪም የሰው አካል የሚማረው ጌሌን ከሚባለው የሮማ ዘመን ሀኪም ፅሁፍ ነበር፣ ጌሌን ደግሞ የሰው ሬሳ መክፈት ስላልቻለ የከፈተው ጦጣና አሳማ ነው፣ ያንን አይቶ ሰውም እንደዚሁ ነው ብሎ ፃፈ። ለምሳሌ የታችኛው መንጋጋችን ሁለት አጥንት ነው ይል ነበር። አንድ ነው። ይሄንን ያረመው አንድሪያስ ቬሳሊየስ የሚባል ወጣት መምህር ነው፣ በ1543 ባሳተመው ትልቅ የአናቶሚ መፅሀፍ፣ ማረም የቻለውም ራሱ በእጁ ሰው ከፍቶ ስላየ ነው። ግን እሱም ተማሪ እያለ ሉቨን ከተማ ዳር ተሰቅሎ የቀረ የወንጀለኛ አፅም በድብቅ አውርዶ ቤቱ ወስዷል። ስለዚህ ነገሩ ገና ከጅምሩ እንዲህ ነበር፣ እውቀቱ ትክክል፣ አመጣጡ ስርቆት።

በዛ ዘመን ማደንዘዣ የለም። እግር የሚቆርጥ ሀኪም በሽተኛው እየጮኸ በደቂቃ ውስጥ ነው የሚጨርሰው፣ ደም ስሩ የት ጋ እንዳለ ለማየት ቆም ብሎ የሚፈልግበት ጊዜ የለውም፣ ሬሳ ላይ ካልተለማመደ የሚለማመደው በህይወት ያለ ሰው ላይ ነው ማለት ነው። ይሄን ሳትረዱ ቀሪውን ታሪክ ብትሰሙ ሁሉም ሀኪም አውሬ ይመስላችኋል፣ አልነበሩም። ፍላጎቱ እውነተኛ ነበር። ጥፋቱ ያለው ፍላጎቱ በማን ላይ እንደተጫነ ነው።

ወደ እንግሊዝ እንሂድ፣ ነገሩ የገነነው እዛ ነው። ንጉስ ሄንሪ 8ኛ በ1540 ለለንደን ባርበር ሰርጅኖች (ያኔ ፀጉር ቆራጭና ቀዶ ህክምና ሰሪ አንድ ማህበር ነበሩ) በአመት 4 የተሰቀሉ ወንጀለኞች ፈቀደላቸው። አራት! በኋላ ከ1752 ጀምሮ ደግሞ ሰው ገድሎ የተሰቀለ በሙሉ ሳይቀበር ለሀኪሞች ይሰጥ ወይም በሰንሰለት ታስሮ ተሰቅሎ ይቅር የሚል ህግ ወጣ። የህጉ ሀሳብ ሳይንስን መርዳት አልነበረም፣ ከሞት የባሰ ቅጣት መፈለግ ነበር። ህዝቡ ትንሳኤ ሙታንን የሚያምን ህዝብ ነው፣ በመጨረሻው ቀን በምን አካሌ እነሳለሁ የሚል ፍርሀት ነበረው፣ ይሄ ለኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በህጉ ምክንያት ሬሳ መሰንጠቅ ማለት በሰው አእምሮ ውስጥ የነፍሰ ገዳይ ቅጣት ማለት ሆኖ ቀረ። መስቀያው ስር ዘመድና የሀኪም ሰዎች ሬሳ ይዘው ይጓተቱ ነበር፣ በቡጢ ጭምር።

እዚህ ላይ ደግሞ ትምህርቱ ተለወጠ። ዊሊያም ሀንተር በ1746 ለንደን ውስጥ የግል አናቶሚ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ እዛ ተማሪ መምህሩ ሲቆርጥ ከሩቅ የሚያይ ሳይሆን ራሱ በእጁ የሚሰራ ነው፣ የፓሪስ ዘዴ ይሉታል። ሌሎችም ተከተሉት፣ ተማሪው በየአመቱ ጨመረ፣ የሚሰቀለው ሰው ቁጥር ግን አብሮ አልጨመረም። ፎርማሊን የሚባል ነገር ገና የለም፣ ሬሳው በቀናት ውስጥ ይበላሻል፣ ስለዚህ አናቶሚ የሚሰጠው በብርድ ወራት ነው፣ ትኩስ ሬሳ ደግሞ ሳያቋርጥ መምጣት አለበት። በህጋዊ መንገድ የለም። ታዲያ ከየት ይምጣ?

ከመቃብር።

ህጉ ላይ ያለውን ቀዳዳ ማወቅ አለባችሁ፣ ሁሉም ነገር የቆመው እዛ ላይ ነው። በእንግሊዝ ህግ ሬሳ የማንም ንብረት አይደለም። ንብረት ካልሆነ ደግሞ «ተሰረቀ» ማለት አይቻልም። ሬሳ አውጥቶ የተያዘ ሰው ቀለል ባለ ጥፋት ይቀጣል፣ ጥቂት ወር እስር ወይም የገንዘብ ቅጣት። መግነዙን ይዞ ከተገኘ ግን ጨርቁ ንብረት ነው፣ ያ ከባድ ሌብነት ይሆናል። ስለዚህ ሌቦቹ ሬሳውን ያወጡና መግነዙን ገፈው መልሰው ሳጥኑ ውስጥ ከተው አፈር ያለብሱታል። ጨርቁ ከሰውየው የበለጠ በህግ ይጠበቅ ነበር ማለት ነው። ይሄን መጀመሪያ ሳነብ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት።

አሰራራቸው ሙያ ሆኖ ነበር። ህዝቡ «አስነሺዎች» ነበር የሚላቸው፣ ሙታን የሚያስነሱ ለማለት። የእንጨት አካፋ ይጠቀማሉ፣ ብረት ድንጋይ ሲነካ ድምፅ ያሰማላ። መቃብሩን ሙሉውን አይቆፍሩም፣ በራስጌ በኩል ብቻ ነው የሚወርዱት፣ አፈሩን ሸራ ላይ ያወጡታል ሳር ላይ ተበትኖ እንዳይታወቅ፣ የሳጥኑን ክዳን በራስጌ በኩል በብረት ይዘው ወደ ላይ ሲስቡት የቀረው አፈር ስለተጫነው መሀል ላይ ይሰበራል፣ ከዛ በገመድ ይስቡታል። አንድ ሰአት እንኳን አይፈጅባቸውም። ዘመድ መቃብሩ ላይ ጠጠር ወይም እንጨት በሆነ አይነት አቀማመጥ ምልክት አድርጎ ከሄደ እሱንም አስተውለው እንደነበረ ይመልሱታል። ቤተሰቡ በነጋታው መጥቶ ባዶ ጉድጓድ ላይ ያለቅሳል።

ሀብታም በእርሳስ ሳጥን፣ በድንጋይ ክፍል ውስጥ፣ ወይ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል። ድሃ ደግሞ ሳጥን በሳጥን ላይ እየተደረደረ እስኪሞላ ክፍት የሚቆይ ጉድጓድ አለው። ሌባ የትኛውን እንደሚመርጥ ግልፅ ነው። በስኮትላንድ ሞርትሴፍ የሚሉት መቃብር ላይ የሚገጠም ከባድ የብረት ፍርግርግ መጣ፣ ሬሳው ለሀኪም እስከማይጠቅም ድረስ ሳምንታት ይቆይና ተነስቶ ለሌላ ሟች ይሰጣል። ኤድንብራ ግሬይፍራያርስ መቃብር ቦታ ዛሬም ቆሞ ታዩታላችሁ። ይሄን የማይችል ዘመድ ደግሞ ሌሊት ሌሊት እየተፈራረቀ መቃብር ይጠብቃል፣ ለዚሁ ተብሎ የተሰራ የጥበቃ ግንብ ያላቸው የመቃብር ቦታዎች ብዙ ናቸው። አስቡት፣ ሀዘን ላይ ያለ አባት ልጁን ቀብሮ ተመልሶ በብርድ ሌሊት ሲጠብቅ።

ለንደን ውስጥ ቤን ክራውች የሚባል ሰውዬ የሚመራው ቡድን ነበር፣ ከአባላቱ አንዱ ጆሴፍ ኔፕልስ በ1811 እና 1812 የፃፈው የስራ ማስታወሻ እስከዛሬ አለ፣ የት እንደቆፈሩ፣ ስንት እንዳወጡ፣ ለየትኛው ሆስፒታል እንደሸጡ፣ ልክ እንደ ሱቅ ደብተር። ደንበኞቻቸው ደግሞ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አስትሊ ኩፐር የንጉስ ጆርጅ 4ኛን የራስ እባጭ ቆርጦ ያወጣ፣ በዘመኑ አንደኛ የተባለ ቀዶ ሀኪም ነው፣ በ1828 ፓርላማው ባቋቋመው ኮሚቴ ፊት ቀርቦ፣ ማንም ሰው ይሁን ምን ማዕረግ ይኑረው ሬሳውን ልሰንጥቀው ብል ማግኘት እችላለሁ ብሎ በግልፅ ተናገረ። ህጉ ሀብታሙንም ቢሆን አያስጥልም፣ ዋጋውን ብቻ ነው የሚጨምረው ማለቱ ነው።

ዋጋ ካነሳን የቻርልስ ባይርንን ታሪክ ሳልናገር አላልፍም። አየርላንዳዊ ነው፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ31 ገደማ፣ ለንደን ውስጥ ቁመቱን ለህዝብ እያሳየ ነበር የሚኖረው። ሀኪሞች እንደሚከታተሉት ያውቅ ስለነበር ስሞት በእርሳስ ሳጥን አድርጋችሁ ባህር ውስጥ ጣሉኝ ብሎ ጓደኞቹን ለመናቸው፣ ገንዘብም አስቀመጠላቸው። በ1783 በ22 አመቱ ሞተ። ጆን ሀንተር፣ የዊሊያም ታናሽ ወንድም፣ መንገድ ላይ ሬሳውን በጉቦ አስወጣው፣ ቀቅሎ አፅሙን አወጣ፣ እና የሰውየው አፅም ለንደን ባለ ሙዚየም ውስጥ ከ200 አመት በላይ ቆሞ ሲታይ ኖረ። ከእይታ የተነሳው በ2023 ሙዚየሙ ታድሶ ሲከፈት ነው። አፅሙ ግን ዛሬም ለምርምር ተብሎ እነሱ ጋ አለ፣ ባህር አልገባም። አንድ ሰው በቃሉ ተናዞ፣ ሁሉም ኑዛዜውን እያወቀ፣ ይሄን ያህል ዘመን።

አሁን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ሁለት ስሞች፣ በርክና ሄር። ብዙ ሰው የመቃብር ሌቦች ያደርጋቸዋል፣ አንድም መቃብር ግን አልቆፈሩም። ኤድንብራ ውስጥ ሄር ከሚስቱ ጋር ድሆችን የሚያሳድር ቤት ነበረው፣ በ1827 መጨረሻ አንድ ጡረተኛ ወታደር የቤት ኪራይ 4 ፓውንድ ሳይከፍል በህመም ሞተባቸው፣ እዳውን ለማካካስ ሬሳውን ወስደው ለዶክተር ሮበርት ኖክስ ትምህርት ቤት በ7 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ሸጡት። የጠየቃቸው ሰው የለም። ከዛማ በቃ፣ በ1828 ውስጥ 16 ሰው ገደሉ፣ አብዛኞቹን አስክረው አፍና አፍንጫ አፍነው፣ ሬሳው ላይ ምልክት እንዳይታይ። በብርዱ ወራት 10 ፓውንድ፣ በሙቀቱ ወራት 8፣ የቀን ሰራተኛ በወራት የማያገኘው ገንዘብ ነው። የገደሉት ማንን መሰላችሁ፣ ማደሪያ የሌላትን፣ ስራ ፍለጋ ከሩቅ የመጣችን፣ ጄሚ የሚባል ከተማው ሁሉ የሚያውቀው የአእምሮ ዝግመት ያለበት የ18 አመት ልጅ። እሱን ተማሪዎቹ ጠረጴዛው ላይ ሲያዩት አወቁት፣ ኖክስ ግን እሱ አይደለም አለ።

የተያዙት ገለባ ስር የደበቁትን የመጨረሻዋን ሴት ሬሳ ሌሎች ተከራዮች አግኝተው ለፖሊስ ስለጠቆሙ ነው። ሄር በጓደኛው ላይ መስክሮ ነፃ ወጣ። በርክ ጥር 28፣ 1829 ተሰቀለ፣ ሬሳውም ተሰነጠቀ፣ አፅሙ እስከዛሬ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ አለ። ገዢው ኖክስ ክስ እንኳን አልተመሰረተበትም። ህዝቡ ግን አልረሳም፣ በ1831 አበርዲን ከተማ ውስጥ አንድ ውሻ ከአናቶሚ ትምህርት ቤት ጓሮ የሰው ቅሪት ጭሮ ሲያወጣ ሰው ተሰበሰበና ህንፃውን አቃጠለው። በዛው አመት ለንደን ውስጥም እንደነ በርክ ገድለው ሲሸጡ የነበሩ ሰዎች ተያዙ። ፓርላማው ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻለም።

የ1832ቱ የአናቶሚ ህግ የመጣው እንዲህ ነው። የመቃብር ስርቆቱን አጠፋው፣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ እውነት ነው። ግን እንዴት አጠፋው? የድሆች ማቆያ ቤት ወይም ሆስፒታል ውስጥ ሞቶ ሬሳውን የሚወስድ ዘመድ ያልመጣለት ሰው ለአናቶሚ ትምህርት ቤት ሊሰጥ ይችላል ተባለ። ሰውየው በህይወት እያለ አልፈልግም ካለ ይከበርለታል የሚል አንቀፅ አለ፣ ማንበብ የማይችል ድሃ ግን ያንን መብት ከየት ይሰማዋል? ዘመድ ኖሮትም መቅበሪያ ገንዘብ ከሌለው «ጠያቂ የሌለው» ነው የሚባለው። ማለትም 80 አመት ሙሉ የነፍሰ ገዳይ ቅጣት የነበረው ነገር በአንድ ህግ የድህነት ቅጣት ሆነ። ሰዉ ይሄን በደንብ ገብቶታል፣ የእንግሊዝ ድሃ በየሳምንቱ ሳንቲም እያዋጣ የቀብር ማህበር ውስጥ የሚገባው አንዱ ምክንያት ይሄ ፍርሀት ነበር። እድር ማለት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። እኛ ሰው ስንመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የምንለው ምን ያህል ከባድ ቃል እንደሆነ እኔ የገባኝ የለንደን ድሆችን ታሪክ ሳነብ ነው።

አሁን የአክስቴ ልጅ ጥያቄ ጋ ልመለስ፣ ምክንያቱም ነገሩ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። እኛም ሀገር የህክምና ተማሪ የሚማርበት ሬሳ (ካዳቨር ይሉታል) በአብዛኛው ጠያቂ ያጣ ሰው ነው፣ በህይወቱ እያለ ሰውነቴ ለትምህርት ይሁን ብሎ የሚናዘዝ በጣም ጥቂት ነው። አሜሪካም ሳይቀር፣ ከ1968 ጀምሮ ሰው በፈቃዱ አካሉን የሚሰጥበት ወጥ ህግ ተዘጋጅቶ ግዛቶቹ ተቀብለውት፣ ዛሬ አብዛኛው ካዳቨር ከፈቃደኞች እየመጣ፣ በ2024 አንድ የጋዜጠኞች ምርመራ ቴክሳስ ፎርት ወርዝ ያለ የጤና ዩኒቨርሲቲ ከ2019 ጀምሮ ከዳላስና ከአጎራባቹ ካውንቲ ከ2000 በላይ ጠያቂ የሌላቸው ሬሳዎች እንደተቀበለ አወጣ። ከነሱ ውስጥ ሲፈልጓቸው የነበሩ ቤተሰቦች ያሏቸው ነበሩ፣ ሞታቸውን የነገራቸው ሰው አልነበረም እንጂ። ዩኒቨርሲቲው ፕሮግራሙን አቆመ። ዳላስ ደግሞ የኛ ሰው በብዛት ያለበት ከተማ ነው፣ ብቻችሁን የምትኖሩ ካላችሁ እባካችሁ የቅርብ ሰው ስልክ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር፣ እድር ግቡ።

የአሜሪካን የድሮ ታሪክ ለመጨረሻ ያቆየሁት ነገሩ እዛ ከድህነት በተጨማሪ በቆዳ ቀለም የተወሰነ ስለነበር ነው። ኒውዮርክ ውስጥ በየካቲት 1788 ጥቁሮች፣ ነፃ የወጡትም በባርነት ያሉትም፣ የህክምና ተማሪዎች ሌሊት ሌሊት የዘመዶቻችንን ሬሳ እየቆፈሩ ነው ብለው ለከተማው ምክር ቤት አቤቱታ አስገቡ። የሰማቸው የለም። ከሁለት ወር በኋላ የነጭ መቃብር መነካቱ ሲወራ ግን ከተማው ተነሳ፣ ህዝቡ ሆስፒታሉን ሰብሮ ገባ፣ ሀኪሞች ለደህንነታቸው እስር ቤት ተደበቁ፣ ጆን ጄይ የሚባለው፣ በኋላ የሀገሪቱ የመጀመሪያ ዋና ዳኛ የሆነው፣ ለማረጋጋት ወጥቶ በድንጋይ ተመታ፣ ወታደር ተኩሶ ሰው ሞተ። በ1789 ግዛቱ መቃብር መዝረፍን የሚከለክል ህግ አወጣ። አቤቱታው ያላመጣውን ረብሻው አመጣው።

ስልጣን ያለው ቤተሰብም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልዳነም። በ1878 ጆን ስኮት ሀሪሰን ሞተ፣ የፕሬዝዳንት ልጅ፣ በኋላም የፕሬዝዳንት አባት የሆነ ብቸኛው ሰው እሱ ነው። ቤተሰቡ መቃብሩን በድንጋይና በሲሚንቶ ደፍኖ ጠባቂ ቀጠረ። በነጋታው ልጁ የሌላ ወጣት የተሰረቀ ሬሳ ሊፈልግ ሲንሲናቲ ያለ ህክምና ኮሌጅ ገባ፣ ጉድጓድ ውስጥ የተወጠረ ገመድ አዩ፣ ሲስቡት ፊቱ የተሸፈነ ሽማግሌ ወጣ፣ ጨርቁን ሲያነሱት አባቱ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ውስጤ የቀረው የግራንዲሰን ሀሪስ ታሪክ ነው። በ1852 ጆርጂያ ኦገስታ ያለው የህክምና ኮሌጅ መምህራን ቻርልስተን ሄደው ይሄንን ሰው በ700 ዶላር ገዙት፣ ባለቤቶቹ መምህራኑ በጋራ ናቸው። በባርነት ያለ ሰው ማንበብና መፃፍ ማስተማር በጆርጂያ ህግ የተከለከለ ሆኖ ሳለ እሱን አስተማሩት፣ ለምን ቢባል ማን እንደሞተና የት እንደሚቀበር ጋዜጣ ላይ እንዲያነብላቸው። ስራው ሌሊት ሲዳር ግሮቭ የሚባለው የጥቁሮች መቃብር ቦታ ሄዶ ሬሳ አውጥቶ በጋሪ ማምጣት ነበር። የራሱን ወገን። ቢያዝ እንኳን ንብረትነቱ የኮሌጁ ስለሆነ ሀላፊነቱ የሱ አይደለም፣ አልሄድም የማለት መብት ደግሞ የለውም። ባርነት ከቀረ በኋላም በደሞዝ እዛው ኖረ። ሰዎቹ እንዴት እንዳዩት፣ ጎረቤት ሰላም ይለው ነበር ወይ፣ ለቅሶ ሲሄድ ምን ይሉት ነበር፣ እነዚህን ማሰብ ማቆም አልቻልኩም።

በ1989 የድሮውን የኮሌጁን ህንፃ ሲያድሱ ሰራተኞች ምድር ቤቱ ውስጥ ወደ 10,000 የሚጠጋ የሰው አጥንት አገኙ፣ ተቆራርጦ ኖራ እየተደረገበት የተጣለ። ተጠንቶ ሲታይ አብዛኛው የጥቁሮች ነበር። በ1994 ደግሞ ሪችመንድ ቨርጂንያ ሌላ የህክምና ኮሌጅ ጊቢ ውስጥ ህንፃ ሊሰራ ሲቆፈር ጉድጓድ ሙሉ የሰው አጥንት ወጣ። የኦገስታዎቹ በ1998 ሲዳር ግሮቭ ተመልሰው ተቀበሩ፣ ማን ማን እንደሆነ መለየት ስላልተቻለ ሁሉም አንድ ላይ፣ ድንጋዩ ላይም እግዚአብሔር ብቻ የሚያውቃቸው የሚል ተፃፈ።

ግራንዲሰን ሀሪስ በ1911 ሲሞት የተቀበረው እዛው ሲዳር ግሮቭ ነው። መቃብሩ የት ጋ እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት የለም።